ባንዳዋን ማን ይሥራት?

እትዬ የሺመቤት ማረፏን የሰማሁት ከኢንጂነር መላኩ ነው። በአካል ነግሮኝ አይደለም፤ የኮሚኒቲያችን የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ለጥፎት ነው። «የአርበኞች ዘር የሆነችው ታላቋ አርቲስታችን፣ የኢትዮጵያዊት እናት ተምሳሌት፣ በድንገት ተለየችን» ይላል። ከሥሩ ሦስት ሻማ። ከሻማው ሥር ደግሞ «ነፍስ ይማር» ከሚለው ሰው ብዛት የተነሣ፣ ጣቴ ወደ ታች ሲስብ ደከመው።

ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እያጠበብኩ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ሳቅሁ። በሞተ ሰው ወሬ መሳቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እሷም ብታነበው ትስቅ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ከዚሁ ግሩፕ ሪሙቭ ያደረጋት ይኸው ኢንጂነር መላኩ ነው። «የአርበኞች ዘር» ያላት ሴት፣ አያቷ የጣልያን ሹም አስተርጓሚ እንደነበሩ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገር ነበር። «በድንገት» የሚለውም ውሸት ነው። ወራት ሙሉ ታማ ተኝታ፣ ሻማ ከለጠፉት ውስጥ ደጇን የረገጠ አልነበረም። የስልክ ሻማ ደግ ነው፤ ጣት አያቃጥልም።

እኔ ሆሎዌይ መንገድ ላይ ልብስ አስተካክላለሁ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። እትዬ የሺ የመጀመሪያ ቀን የመጣችው ገበሩ የተቀደደ ካፖርት ይዛ ነው። ረጅም፣ አጥንቷ የወጣ፣ ማይክሮፎን የማይፈልግ ድምፅ ያላት ሴት። በወጣትነቷ አዲስ አበባ መድረክ ላይ ስትሠራ ኖራ፣ ለንደን ከገባች ወዲህ ዋይት ሲቲ አካባቢ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸውን አዛውንት እንግሊዞች እየዞረች ታጥብና ታበላ ነበር። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ አንቱ ስላት ተቆጣች። «ንግሥት ሆኜ መድረክ ላይ ስወጣ አንቱ ትይኛለሽ። እስከዚያው አንቺ በይኝ» አለችኝ። በዚያው ጸናን።

አንድ ልማድ ነበራት። ፊቷ የቆመ ሰው መዋሸት ሲጀምር መነጽሯን ታወልቅና «አሁን ደብዝዘሃል፤ ቀጥል» ትለዋለች። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ስለ ቤቱና ስለ መኪናው የሚያወራ ሰው ፊት ስታደርገው አይቻለሁ። ሰውየው እስከ ዛሬ አይወዳትም።

የፊልሙ ነገር እንዲህ ነው። ኤርሚያስ የሚባል እዚሁ ያደገ ልጅ፣ ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳውን አልፎ ነበር፣ በወረራው ዘመን ጣልያን ኢትዮጵያውያንን እያጋዘ በሱማሌ ጠረፍ ስላጎረበት ካምፕ ፊልም ልሥራ ብሎ ተነሣ። ብዙ አንብቦ፣ ብዙ አልቅሶ ነው የጻፈው። ኤርሚያስ ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩነቱ ግን ትንሽ ሙቀት ሲነካው የሚቀልጥ ዓይነት ነው። ወጪውን የኮሚኒቲው ኮሚቴ ቻለ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ኢንጂነር መላኩ። መሐንዲስነቱን የመሰከረ ሰው የለም፤ ማዕረጉ ግን ከስሙ ጋር አብሮ የተሰፋ ነው፣ ልፍታው ብትል ጨርቁ ይቀደዳል።

ተዋናይ የሚመረጥ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ሰው ሁሉ ራሱ ሳይቀመጥ አያቱን ያስቀምጣል። አንዱ «የኔ አያት አምስቱንም ዓመት ጫካ ነበሩ» ይላል። ሌላዋ «የኔማ ሁለቴ ቆስለው ሁለቴ አምልጠዋል» ትላለች። ለንደን ውስጥ የአርበኛ የልጅ ልጅ ያልሆነ ሐበሻ እንደሌለ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ጀግኖቹ ሁሉ ከተደለደሉ በኋላ ኤርሚያስ ወረቀቱን አገላብጦ፣

«አሁን ደግሞ አስካለን የሚሠራ ሰው እፈልጋለሁ። አስካለ የልጅ ልጇን ይዛ የታሰረች አሮጊት ናት። ኢንፎርመሯ እሷ ናት፤ ለጣልያኑ ስም የምትሰጠው» አለ።

ሴቶቹ ቦርሳቸውን መጎርጎር ጀመሩ። ያኔ ከኋላ ወንበር የእትዬ የሺ ድምፅ መጣ፤

«ባንዳ ሁሉ መካን ነበር እንዴ? አንድ የልጅ ልጅ እንኳ አልተረፈውም?»

ማንም አልሳቀም። «እኔ አለሁ። አያቴ አስተርጓሚ ነበሩ። ለኔ ስጠኝ» አለች።

ኤርሚያስ ደነገጠ። «እትዬ የሺ፣ እርስዎን እኮ ለእማማ ዘውዴ ነው ያሰብኩት። ሊገድሏቸው ሲሉ ያንን ትልቁን ንግግር የሚያደርጉት።»

«ጀግና ለመሥራት አንገት ማቅናት ይበቃል። እኔን ለዚያ ለምን ታባክነኛለህ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ የቀና አንገት ሞልቶልሃል።»

ቀረጻው ኤድመንተን፣ አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ ነበር። የእስረኞቹን ቡቱቶ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቡቱቶው ወገቡ ላይ ያዝ እንዲደረግለት የሚለምን እስረኛ ያየሁት ያኔ ነው። የኢንጂነሩ እህት ልጅ ሳምራዊት ወጣቷን ጀግና ትሠራለች፤ በረሃ ላይ በረሃብ የምታልቀው ልጅ ሽፋሽፍቷ እንደ መጥረጊያ ረዝሟል። ንቀዪው ብትባል «ገና ትናንት ነው የተሠራሁት» አለች። ኢንጂነሩ ራሱም እስረኛ ሆኗል። ሆዱ ከቡቱቶው አልፎ ይወጣል፣ ሰዓቱን አላወልቅም ብሎ ኤርሚያስ ክንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ቆስሏል አሰኘው። ክረምት ስለነበር መጋዘኑ በረዶ ነው። የበረሃ ሙቀት ላይ እንፋሎት ከአፋቸው እየወጣ አስቸገረ፤ እንፋሎቱ እንዳይታይ ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ለሁሉም በረዶ እየታደለ አፋቸው ውስጥ ያቀልጡት ነበር። «ጀግንነት ይሄ ነው» ይላል ኢንጂነሩ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

እትዬ የሺ ብቻ ቀሚሷን ይዛ መጥታ «አስፊው። ሰውነቷ አልቆ ልብሱ የቀረ ይምሰል» አለችኝ።

አሁን ወደማልረሳው ቀን ልምጣ። ታሪኩ ላይ ቀጸላ የሚባል እስረኛ አለ። ከወታደሮቹ ታንከር ውኃ እየሰረቀ ለታመሙት ያድላል። አስካለም ከዚያ ውኃ ጠጥታለች። የልጅ ልጇ በወባ ትያዛለች፤ ሹሙ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ያኖርና ውኃውን የሚሰርቀው ማን ነው ይላታል። ስክሪፕቱ ላይ «አስካለ በተንኮል ፈገግ ብላ ስሙን ትናገራለች» ተብሎ ተጽፏል። እትዬ የሺ እሱን አላደረገችም።

ቆማ ብልቃጡን ታያለች። ነጠላዋን ታስተካክላለች። ከዚያ፣ ጎረቤቱን ጨው እንደሚጠይቅ ሰው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቀጸላ» አለች። ሹሙን የሚሠራው እንግሊዛዊ ነው፤ ስሙ አልያዝልህ አለው። «ካሳላ» አለ። ስህተቱ የእውነት ነው፣ ምላሱ እምቢ ብሎት ነው። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ቀረጻው ይቋረጥ ነበር። እሷ ግን ጠጋ አለችና፣ ፊደል እንደምታስቆጥር ሁሉ፣ በትዕግሥት፣

«አይደለም ጌታዬ። ቀ-ጸ-ላ። ካሳ የሚባል ሌላ አለ፤ እሱ ምንም አላደረገም። ሌላ ሰው እንዳይወስዱብኝ» አለች።

ከዚያ ብልቃጡን አነሣች። እጇ አልፈጠነም፣ አልዘገየም።

ኤርሚያስ ካት ማለት ረሳ። እኔ መርፌ በጥርሴ ይዤ ቆሜያለሁ። ከእስረኞቹ መሐል አንዲት የማውቃት ሴትዮ፣ ሁልጊዜ ቤተ ክርስቲያን አብረን የምንቆም፣ አሸዋው ላይ ምራቋን እንትፍ አለች። ለካሜራው አልነበረም፤ የምሯን ነው። እትዬ የሺ አየቻትና ፊቷ በራ። በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ደስታው አልቆየም። በሳምንቱ ወሬው ተነዛ። «ልምዱ ባይኖራት እንዲህ አትሠራውም» ተባለ። በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌ ውስጥ ስም ትሰጥ ነበር ያለም ተገኘ። ማን አየ? ማንም። እሑድ ዕለት ቅዳሴ ሲወጣ ትከሻዋን የሚስማት ሰው ቀነሰ። በጣልያን ጊዜ ላልነበረች፣ ወረቀት ላይ ለተፈጠረች አሮጊት ኃጢአት እሷ ተቀጣች። ጨክኜ ጠየቅኋት፤ ሱቄ ውስጥ፣ የካፖርቷን ቁልፍ እየተከልኩላት።

«እውነት አንቺ በዚያ ጊዜ...»

«በዚያ ጊዜ ማንም አልጠየቀኝም» አለች። «ጎረቤቴን ጠየቋት፣ እኔን አልጠየቁኝም። ንጹሕ የሆንኩት ስላልተጠየቅሁ ነው። እነዚህም ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ እነሱ ግን የራሳቸው ጉብዝና ይመስላቸዋል።»

ፊልሙ ተቆራርጦ ሲያልቅ ኮሚቴው ለብቻው አየው። እኔም እትዬ የሺም ተጠርተን ነበር። መብራት ሲበራ ኢንጂነሩ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሥራው ግሩም ነው። አንዲት ነገር ብቻ። ኢትዮጵያዊት እናት ይህን አታደርግም።»

«ግን እኮ ኢንጂነር፣ ሪሰርች አድርጌያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል» አለ ኤርሚያስ።

«ቢሆንስ? የሆነ ሁሉ ይቀረጻል?»

በዚያ ሰሞን አገር ቤት ጦርነት ነበር። በየስብሰባው የአንድ ሕዝብ ስም እንደ ስድብ የሚጠራበት ጊዜ። ኢንጂነሩ መላ አምጥቷል፦ አስካለ አንድ ዐረፍተ ነገር ትጨምር። «እኔ የእናንተ ወገን አይደለሁም፤ አገሬ እዚያ ነው» ትበልና የነዚያን ሰዎች አገር ትጥራ። በቃ፤ ባንዳዋ የሌላ ትሆናለች፣ እኛ ነጻ እንወጣለን። የየትኛው ሕዝብ ስም እንደነበር አልጽፍም። እርግጠኛ ነኝ ከለንደን ማዶ ሌላ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ኮሚቴ ቢሆን የኛን ስም ያስገባ ነበር።

እትዬ የሺ መነጽሯን አወለቀች። ኢንጂነሩ ልማዷን ስለሚያውቅ ፊቱ ቀላ።

«ምን አለበት? አንዲት ቃል ናት፣ እትዬ የሺ» አላት።

«አስካለስ የሰጠችው አንዲት ቃል አይደለም እንዴ?»

«ያ ሌላ ነው። ያ የሰው ሕይወት ነው።»

«ይሄስ? እሷ አንድ ሰው ነው የሰጠችው፤ ያውም እንዳይሳሳቱ አስተካክላ። እርስዎ አንድ አገር ሙሉ ስጪ ነው የሚሉኝ።»

ኤርሚያስ ጫማውን ያያል። አንዲት የኮሚቴ አባል «ትዕይንቱ ጭራሽ ይቆረጥ ካልሽ ደግሞ ይቆረጣል» አለች፣ እያባበለች ዓይነት። ኢንጂነሩ ግን ብልህ ነው፤ «አይቸኩሉ፣ ያስቡበት» ብሎ በትሕትና ሸኛት።

የሚያስቡበት ነገር ነበር። እትዬ የሺ አዛውንት የምትንከባከብበት ኤጀንሲ የኢንጂነሩ ሚስት ንብረት ነው። በሳምንቱ ሺፍቷ ተቀነሰ፣ በሚቀጥለውም እንደገና። ጡረታ ለመውጣት ገና ናት፤ የቤት ኪራይ አለባት። «ልክ እንደ ፊልሙ አደረጉሽ እኮ» አልኳት ተናድጄ።

«ፊልም አታድርጊው» ብላ ጮኸችብኝ። «ማንም አይሰቅለኝም። ሺፍት ነው የቀነሱብኝ። እስረኞቹን አታዋርጂ።»

ግን ፈርታለች። ደግሞም ትዕይንቱን ትወደዋለች፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያገኘችው ሥራ ነው፣ ሌላ እንደማይመጣም ታውቃለች። ቃሏን ካልሰጠች ሊቆርጡት ነው፤ ከሰጠች ሰው ሁሉ ያየዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጥታ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መስታወት ፊት ቆመች። ያንን ዐረፍተ ነገር በአስካለ ድምፅ አለችው። ደግማ አለችው። ሦስተኛው ላይ እኔ ራሴ አመንኳት፤ ያንን ሕዝብ ለአፍታ ጠላሁት። ዞር አለች፣ ፊቷ ነጥቷል።

«ይገርምሻል፣ አፌ ውስጥ ገባ» አለች። «ሁሉም ቃል አፍ ውስጥ ይገባል። ችግሩ እሱ ነው።»

ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጋውን ሊያሳጥር የመጣ ተማሪ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስልኳን አውጥታ ለኤርሚያስ ደወለች፤ «አልለውም። ቁረጡት» አለችና ዘጋች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ሚና ስለማጣቷ እንጂ ስለ ሌላ አይደለም፣ እሷም አልደበቀችውም።

አልቆረጡትም። ኮሚቴው ራሱ ሲያየው ያለቀሰበት ትዕይንት እንዴት ይቆረጣል? ኢንጂነሩም ቢሆን ያውቃል። ሌላ ነገር አደረጉ፤ እኛ የሰማነው ምርቃቱ ዕለት ነው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ጥልፍ የለበሰ፣ ሽቶ የተነሰነሰ ሕዝብ፣ የረሃብ ካምፕ ሊያይ ሳምቡሳ በእጁ ይዞ ገብቷል። እትዬ የሺ ከኔ አጠገብ ናት፤ ትኬቷን ራሷ ገዝታ። ሹሙ ብልቃጡን አኖረ። አስካለ ነጠላዋን አስተካከለች። ስሙን አስተካከለች። ከዚያ ጀርባዋ ብቻ በሚታይበት ቦታ፣ ከየት መጣ የማይባል፣ ወፍራም የሌላ ሴት ድምፅ «እኔ የእናንተ ወገን አይደለሁም፤ አገሬ...» አለ። ሰው ሁሉ «እንዴታ!» ብሎ እፎይ አለ። የአዳራሹን እፎይታ በጆሮዬ ሰማሁት። አንዳንዱ አጨበጨበ።

እትዬ የሺ ሳቀች። ድምፅዋ ማይክሮፎን የማይፈልግ መሆኑን ነግሬያችኋለሁ። ሰው ሁሉ ዞረ። ተነሥታ ቆመች።

«ይህ ድምፅ የኔ አይደለም!» አለች። «አስካለ የየትም አገር ሰው አይደለችም። እዚሁ መሐላችሁ የተቀመጠች ናት። ለሌላ አታሸክሟት!»

«ተቀመጪ!» አለ አንዱ። «ባንዳ!» አለች ሌላዋ፤ አሸዋው ላይ የተፋችው ትመስለኛለች። ከዚያ «ባንዳ! ባንዳ!» የሚል ጩኸት ከየወንበሩ ተነሣ። ጨለማ ውስጥ ለመጮህ እንደዚያ ያለ ድፍረት የት እንደሚገኝ አላውቅም። ኢንጂነሩ ሁለት ጎረምሳ ላከ፤ እሷ ግን ካፖርቷን ደርባ በራሷ እግር ወጣች። ተከተልኳት። ወደ ኋላ ሳይ ኤርሚያስ ስክሪኑ ሥር ቆሞ አሁንም ጫማውን ያያል።

አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ዝናብ ያዘን። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ በንዴት ትንተከተካለች።

«ሰማሻት? እንደ ባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ እኮ ነው ያነበበችው! ሰው ሲዋሽ እንኳ ደህና ተዋናይ አይቀጥርም?»

በማግስቱ ኢንጂነሩ ከግሩፑ አስወጣት፣ በወሩ ኤጀንሲው ሥራ የለም አላት። አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ምሳ አዳይ ሆና ገባች። ለልጆቹ ሾርባ ስትጨልፍ የሼክስፒር ንጉሥ ይመስል ነበር የምታውጀው፤ ልጆቹ ወደዷት። ፊልሙ በየከተማው ዞሮ ተጨበጨበለት። ሳምራዊት ተሸለመች።

ኤርሚያስ የመጣው ከታመመች በኋላ ነው። ዋይት ሲቲ፣ ሊፍቱ በማይሠራ ፎቅ ላይ ያለች አንድ ክፍሏ ውስጥ ተኝታ፣ እኔ ሻይ ሳፈላ አንኳኳ። አበባ ይዟል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብዙ ተንተባተበ። እውነተኛው ትዕይንት፣ በሷ ድምፅ ብቻ ያለው፣ አልጠፋም፤ አስቀምጦታል፤ ጊዜው ሲሆን ያወጣዋል።

«ጊዜው መቼ ነው የሚሆነው?» አለችው።

«ነገሮች ሲረጋጉ። እትዬ የሺ፣ ይቅርታ። ክፋት አልነበረም፣ ፕሬሸር ነበረብኝ።»

«ክፋትማ አልነበረም። ፈራህ። አስካለም ፈርታ ነበር» አለች። ትንሽ አረፍ ብላ፣ «አስካለ ግን የምታድናት ልጅ ነበረቻት። አንተ ማንን አዳንክ?»

የአበባውን መጠቅለያ ይነካካ ጀመር። ከዚያ፣ እንደዚህ ያሉ ሰዎች ዝምታ ስለማይችሉ፣ አዲስ ፊልም እየጻፈ መሆኑን ነገራት። ለሷ የሚሆን ሚና አለው፤ ሲሻላት። የአርበኛ እናት ናት።

«ምን ታደርጋለች?»

«ልጇን ትባርካለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... ትሞታለች» አለ፤ ያለውን ሰምቶ ደነገጠ።

እትዬ የሺ ቀስ ብላ በክርኗ ተደገፈች። ቀኝ እጇን አንሥታ ጭንቅላቱ ላይ አኖረችው፤ ኤርሚያስ ሳያስበው አንገቱን ደፋ።

«ይኸው ባረክሁህ» አለች። «መሞቱን ደግሞ ለብቻዬ እጨርሰዋለሁ። በል ሂድ፣ በሩን ዝጋው።»

ወጣ። እግሩ ደረጃውን ሲወርድ እስከ መጨረሻው ሰማነው። ትራሷን ሳስተካክልላት ዓይኗን ጨፍና፣

«መጨረሻው ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠ?» አለችኝ።

«ትንሽ» አልኳት።

«ይሁን» አለች። «እውነት ያስመስለዋል።»